21 ቀን በፊሊፒንስ፦ በቀን 2,000 ፔሶ ይበቃኛል?

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲሴምበር ቦርሳዬን አዝዬ ፊሊፒንስን ልዞር ነው። ብቻዬን ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ 21 ቀን አለኝ። ከዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ትኬቴ ውጪ የያዝኩት 42,000 ፔሶ ነው። በቀን 2,000 ማለት ነው። ዶላሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ55 እስከ 59 ፔሶ ድረስ ሲወጣና ሲወርድ ስለነበር እኔ በ57 አሰላሁት። በቀን 35 ዶላር ይሆናል።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ማኒላ አርፌ ወደ ሲያርጋኦ እበራለሁ። ከዚያ ሴቡ፣ ቦሆል፣ ሲኪሆር የተባሉት ደሴቶች። መጨረሻ ላይ ፓላዋን ሄጄ ኤል ኒዶንና ኮሮንን አያለሁ። ከኮሮን ማኒላ ተመልሼ ወደ ቤቴ። በቀን ለዶርም አልጋ 600፣ ለምግብ 400፣ ለሰፈር ትራንስፖርት 200፣ ለጉብኝት 500፣ ለልዩ ልዩ ነገር 300 መድቤያለሁ። ይበቃኛል ወይ? የረሳሁት ካለ በግልጽ ንገሩኝ። አልቀየምም።

ከዚህ በኋላ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል አስፍሬያቸዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። የጠቀመኝን ግን በደንብ ጽፌዋለሁ፣ ለሌላውም እንዲጠቅም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው አበረታታኝ። በቀን ከ1,800 ፔሶ ሳያልፍ አንድ ወር እንደቆየና ምንም እንዳልጎደለበት ነገረኝ። ለአልጋ የያዝኩት 600 ሴቡ ደሴት ላይ ያለችውን ሞአልቦአልን በመሰለ ቦታ እንዲያውም እንደሚተርፍ፣ ኤል ኒዶ ላይ ግን እንደሚጠብ አስታወሰኝ። መልካም ጉዞ ተመኝቶልኝ ሄደ።

መልስ 2

ይህኛው ስለ ምግብ ነው፣ ያውም በፍቅር የተጻፈ። ካሪንደርያ በሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች እንድበላ መከረኝ። ድስቶቹ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ይቆያሉ። ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው፣ ከዚያ በጣት መጠቆም። ቱሮ ቱሮ የሚባሉትም ለዚህ ነው፤ ቃሉ ራሱ መጠቆም ማለት ነው። ሩዙ በስኒ እየተለካ ለብቻው ይከፈልበታል። አንድ ወጥና ሩዝ ከ100 ፔሶ ብዙም ሳይርቅ ያጠግባል። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረልኝ፦ ምግቡ ጠዋት ስለሚሠራ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ጥሩው። ማታ የሚገኘው የቀዘቀዘ ትራፊ ነው።

መልስ 3

ወሬው መልኩን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ሴትየዋ በትሕትና ጀመረች። የቀን ሒሳቤ ልክ መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ያልቆጠርኩት ባሕሩን ነው።

ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች አሏት። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ እኔ ግን በሰንጠረዤ ውስጥ ቦታ እንኳ አልሰጠሁትም። እሷ አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። አራት የአገር ውስጥ በረራ፦ ማኒላ–ሲያርጋኦ፣ ሲያርጋኦ–ሴቡ፣ ሴቡ–ፖርቶ ፕሪንሴሳ፣ ኮሮን–ማኒላ። አራት ጀልባ፦ ሴቡ–ቦሆል፣ ቦሆል–ሲኪሆር፣ ከሲኪሆር ወደ ሴቡ መመለሻ፣ ኤል ኒዶ–ኮሮን። በዚያ ላይ ከፖርቶ ፕሪንሴሳ ኤል ኒዶ ድረስ አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ቫን። ዘጠኝ ጉዞ ነው።

በረራውን ከነሻንጣው በአማካይ 3,500 ያዘችው። 14,000 ሆነ። ጀልባዎቹ ተደምረው 4,500፣ ቫኑ 700። ከዚያ እሷ ጅራት ብላ የጠራችው አለ። እያንዳንዱ ጉዞ ጅራት አለው። ወደቡ ድረስ ለትራይሲክል፣ ጎኑ ላይ የተሳፋሪ ወንበር ለተገጠመለት ሞተር፣ ይከፈላል። ከትኬቱ ተለይቶ የወደብ መግቢያ ይከፈላል። አንዳንዱ ጀልባ ለቦርሳም ያስከፍላል። ወደብ ላይ ሲጠበቅ የሚገዛው ውኃና ብስኩትም አለ። በጉዞ 300 ብንይዘው ዘጠኙ ሌላ 2,700 ነው። ድምሩ ወደ 22,000 ፔሶ መጣ። ከ42,000ው ላይ ሲቀነስ ለ21 ቀን የሚተርፈኝ 20,000 ነው። በቀን ከ1,000 ያነሰ፣ አልጋና ምግቤን እንኳ የማይሸፍን።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ካልኩሌተር አንስቼ ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ልክ ናት።

መልስ 4

አጭር ነው። በ3 ይስማማል። ርካሾቹ አየር መንገዶች በእጅ የሚያሳልፉት 7 ኪሎ ብቻ በመሆኑ ቦርሳዬን ዛሬውኑ እንድመዝን አሳሰበኝ። መዘንኩት። 11 ኪሎ ሆነ።

መልስ 5

3ን በከፊል አረማት። ሲያርጋኦ ለመድረስ የግድ መብረር እንደሌለብኝ አስረዳ። ከሴቡ ወደ ሱሪጋኦ ከተማ ሌሊት የሚሄድ መርከብ አለ። ማታ ተሳፍሮ ጠዋት መውረድ ነው፣ የአንድ ሌሊት አልጋም ይተርፋል። ከሱሪጋኦ ደግሞ ሲያርጋኦ ላይ ወዳለችው ዳፓ ጀልባ ይነሳል። እሱ ሁልጊዜ የሚጓዘው በርካሹ፣ በኢኮኖሚ ማዕረግ ነው። ተደራራቢ አልጋዎች ክፍት ወለል ላይ ተደርድረዋል፣ የባሕሩ ነፋስ በጎን ይገባል፣ ቤተሰቦች ምግባቸውን ዘርግተው ይበላሉ። ከሁሉም የበለጠ የወደደው ይህን እንደሆነ ጽፏል። አጻጻፉ እኔንም አስጎመዠኝ።

መልስ 6

የ5ን ሐሳብ ደግፋ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ጃኬት ይያዝ። በሐሩር አገር ላይ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አድራለች።

መልስ 7

ይህን የጻፈው ዱማጌቴ ወደብ ላይ ሆኖ ነው። ወደ ሲኪሆር የምትሄደው ጀልባ ቆማለች። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ የምትፈጅ መንገድ ናት፣ እሱ ግን ሦስተኛ ቀኑ ነው። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ስለወጣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ጀልባ አላስነሳም ብሏል። በየቀኑ አልጋና ምግብ ይከፍላል፤ ሲኪሆር ላይ አስቀድሞ የከፈለበት ክፍልም ሳይተኛበት እየቆጠረ ነው። ምክሩ ግልጽ ነበር። ማንም ደሴት የሚዞር ሰው የሦስት ቀን ወጪ ለብቻው ይያዝ፣ ከአውሮፕላኑ ቀን በፊትም ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀን ይተው።

መልስ 8

የ7ን ነገር ሰፋ አድርጎ አብራራው። ወደ ፊሊፒንስ የባሕር ክልል በዓመት በአማካይ ሃያ ያህል ማዕበልና አውሎ ነፋስ ይገባል። አብዛኛው ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። የአገሪቱ የአየር ትንበያ ተቋም ፓጋሳ ማስጠንቀቂያውን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ያወጣል። ትንንሽ ጀልባዎች ገና በ1 ይቆማሉ። በዲሴምበር ነው የምሄደው ብዬ እንዳልዘናጋም አስጠነቀቀኝ፤ ኦዴት የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያርጋኦን የመታው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2021 ነው። ስለዚያ ቀን ሲጽፍ ቃላቱ ከበዱ። የሚያውቀው ሰው ጣሪያ ሄዶበታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቱሪስት ኪስ ትንሹ ጉዳይ እንደሆነም ጻፈ። እውነቱን ነው።

መልስ 9

ወቅቱን በተመለከተ ሌላ እርማት። ሲያርጋኦ ያለችው በምሥራቅ በኩል ነው። አሚሃን የሚሉት የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ምዕራቡ ፓላዋን ይደርቃል፣ ምሥራቁ ግን ይዘንብበታል። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ለሲያርጋኦ የዝናብ ወራት ናቸው። በዝናብ ውስጥ ተቀምጬ 600 ፔሶ ለአልጋ የምከፍልበት ምክንያት አልታየውም። ሲያርጋኦን የሰረዝኩት ይህን እንዳነበብኩ ነው። የ5 መርከብ ግን አሁንም በልቤ አለች።

መልስ 10

የመንገድ ወዳጅ ነው። ከማኒላ በአውቶቡስ ተነስቶ ከነአውቶቡሱ መርከብ ላይ ወጥቶ ደሴት መሻገር እንደሚቻል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2003 የባሕር አውራ ጎዳና ብለው ሥርዓት አበጅተውለታል። መኪናው በራሱ ጎማ ይገባል፣ በራሱ ጎማ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ግን ቀን ይበላል። 21 ቀን ብቻ ላለው ሰው እንደማይመች ራሱ አመነ።

መልስ 11

ይህን መልስ ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። የኤቲኤም ጉዳይ ነው። በውጭ አገር ካርድ ገንዘብ ሲወጣ አብዛኛው ማሽን በአንድ ጊዜ 250 ፔሶ ይቆርጣል። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስከ 10,000 ነው። ሰውየው ሒሳቡን በእኔው ገንዘብ ሠራልኝ። 42,000ውን በ10,000 በ10,000 ባወጣ አምስት ጊዜ ነው፣ 1,250 ፔሶ ይሄዳል። ፈርቼ ሦስት ሦስት ሺህ ባወጣ አሥራ አራት ጊዜ ነው፣ 3,500 ፔሶ ይሄዳል። የሁለት ቀን ወጪ ለማሽን ማለት ነው። ማሽኑ በራሴ አገር ገንዘብ አስልቶ ሊቆርጥ ሲጠይቀኝም እምቢ ማለት አለብኝ፣ በፔሶ ይሁን ማለት። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ማሽኑ ባዶ ሊሆን ወይም መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከትልቅ ከተማ ሳልወጣ እንድሞላም መከረኝ። የ1,000 ፔሶ ኖትን ትልቅ ሱቅ ውስጥ መዘርዘርም አለ። ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ውስጥ “ጠዋት ሳንቲም ብቻ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዝቅተኛው የጂፕኒ ታሪፍ 13 ፔሶ ሆኖ ነበርና ሾፌሩ ለሺህ መልስ ከየት ያመጣል?

መልስ 12

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። የጻፈው ሰው እስካሁን የመለሱትን ሁሉ ምቾት ፈላጊ አድርጎ ነቀፈ። እሱ በቀን 800 ፔሶ ይኖራል። ሐሞክ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚታሰር የጨርቅ አልጋ፣ ዘርግቶ ይተኛል። ዋጋ ተነግሮት ያንኑ ከፍሎ አያውቅም፣ ጀልባ ላይም ሆነ ሙዝ ላይ ግማሹን እስኪያደርስ ይከራከራል። 2,000 ፔሶ የሚያወጣ ሰው ቱሪስት ነው፣ ቦርሳ አዝያለሁ ባይል ይሻለዋል ብሎ ዘጋ።

መልስ 13

ፊሊፒንስ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፣ ተቆጥቷል። የባንግካ ጀልባ ባለቤት ነዳጁን አስቀድሞ ገዝቶ፣ ረዳቱን ይዞ፣ ከሚተርፈው ላይ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ለ12 ነገረው። 50 ፔሶ ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሞ መጨቃጨቅ ነውር ነው አለ። ኤል ኒዶ ውስጥ የደሴት ጉብኝቶቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብለው መንገዳቸው የታወቀ ነው። ምሳው ውስጡ አለ። የአካባቢ ጥበቃ ክፍያና ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳው ትንሽ ጀልባ፣ ግን ለብቻ ናቸው። ይህን ቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ከክርክር የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

መልስ 14 እና 15

12 ተመልሶ መጣ። ስድብ ነበረበት፣ አልደግመውም። 15 ደግሞ በባሰ መለሰለት።

መልስ 16

አወያዩ ገባ። ሁለቱንም ገሥጾ ስድቦቹን አጠፋ። ከዚያ የራሱን ሐሳብ ጨመረ፦ ትራይሲክል ላይ መደራደር የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ዋጋ አለ። ከሌሎች ጋር ተጋርቶ የሚሄድ ሰው የአንድ ወንበር ይከፍላል። ስፔሻል ከተባለ የሁሉንም ወንበር ይከፍላል። ባዕድ ሰው ሲያዩ ስፔሻል ነው ብለው ያስባሉ። ከመሳፈሬ በፊት ተጋርቼ ነው የምሄደው ብዬ እንድናገር መከረኝ። ይሄ ማንንም ሳይጎዳ ኪስ ያድናል።

መልስ 17

እህቴ ብላ የጀመረችው ይቺ ብቻ ናት። ብቻዋን ተጉዛለች። የሴቶች ብቻ ዶርም ትንሽ ቢወደድም እንድይዝ፣ አዲስ ደሴት ላይ ሁልጊዜ በቀን ብርሃን እንድደርስ ነገረችኝ። ማታ የምትደርስ ጀልባ ርካሽ ብትመስልም ስፔሻል ትራይሲክል ታስከፍላለች፣ ያለምርጫም ያገኙት ክፍል ውስጥ ታስተኛለች። ሞተር የምከራይ ከሆነም ኢንሹራንሴ ሞተር ይሸፍን እንደሆነ፣ ፈቃዴ ለሞተር ይሠራ እንደሆነ እንዳይ አሳሰበችኝ። አንድ ጉልበት ሲላጥ የሳምንት በጀት ይሄዳል።

መልስ 18

ደቡብ ሴቡ ውስጥ ኦስሎብ ሄጄ ከዓሣ ነባሪ ሻርኮች ጋር እንድዋኝ መከረኝ። በአነስተኛ ገንዘብ እርግጠኛ የሆነ ነገር ነው፣ ሁልጊዜም አሉ።

መልስ 19

ሁልጊዜ የሚኖሩት ስለሚመገቡ ነው ብላ ጠንከር ባለ ቃል መለሰች። ጀልበኞቹ ትንንሽ ሽሪምፕ ይወረውሩላቸዋል። ተጓዥ መሆን የነበረበት እንስሳ ጀልባ ሥር ምግብ ሲለምን ይውላል። ይህን በገንዘቧ እንደማትደግፍ ጻፈች።

መልስ 20

ለኦስሎብ ተከራከረ። ሥራውን የሚሠሩት የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ አስተምረዋል። ከሩቅ መጥቶ መፍረድ ቀላል እንደሆነ አስታወሰን። ይህን ሚዛን ማንሳቱን አከብራለሁ።

መልስ 21

መሐል ገብቶ ዶንሶልን ጠቆመ። ሶርሶጎን በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው፣ ሻርኮቹ አይመገቡም፣ ስለዚህ ሳይታዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ለእኔ መንገዴ ላይ አይደለም። ኦስሎብንም አልሄድም፣ 19 አሳምናኛለች።

መልስ 22 እስከ 24

ከርዕሱ ወጥተው ስለ አውራ ዶሮ ማውራት ጀመሩ። 22 በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚጮሁ ዶሮዎች የሌሉበት ርካሽ ማረፊያ አለ ወይ ሲል ጠየቀ። 23 እንደሌለ አረጋገጠለት። 24 ከዶሮው ይልቅ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቀው የጎረቤት ካራኦኬ ከባድ እንደሆነ ጻፈች፣ በኋላ ግን እሷም ተጋብዛ ዘፍናለች። የጆሮ መድፈኛ ሒሳቤ ውስጥ ገብቷል።

መልስ 25

ይህ የእኔ ነው። ዓለም አቀፍ ትኬቴን ገና ስላልቆረጥኩ ማኒላን ትቼ ቀጥታ ሴቡ ለማረፍ ወሰንኩ። አንድም የአገር ውስጥ በረራ የለኝም። ከሴቡ ሞአልቦአል በአውቶቡስ፣ ሦስት አራት ሰዓት ነው። ሰርዲን የተባሉትን የዓሣ መንጋዎች ከባሕር ዳር እየዋኘሁ አያለሁ፣ የጀልባ ክፍያ የለበትም። ከዚያ በሴቡ ደቡብ ጫፍ ካለችው ሊሎአን ወደ ሲቡላን፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ በጀልባ። ዱማጌቴ፣ ከዚያ ሲኪሆር። ከሲኪሆር ቦሆል፣ የቾኮሌት ኮረብቶች የሚባሉትን በኪራይ ሞተር አያለሁ። ከቦሆል ሴቡ ሁለት ሰዓት በጀልባ። ክብ ነው፣ አራት ጀልባ ብቻ።

አውቶቡስና ጀልባ ከነጅራታቸው 4,500 ያዝኩላቸው። 6,000 ደግሞ የማይነካ ተቀማጭ፣ በ7 ምክር። የቀረው 31,500 ነው። በቀን 1,500 ይደርሰኛል፦ አልጋ 500፣ ምግብ 400፣ ትራንስፖርት 200፣ ጉብኝት 400።

ኤል ኒዶን መተው አሳዝኖኛል። እነዚያን ከባሕር ቀጥ ብለው የወጡ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ለማየት ነበር ፊሊፒንስን የመረጥኩት። ግን ግማሽ ገንዘቤን መንገድ ላይ ጨርሼ፣ ካያክ መከራየት ሳልችል ከዳር ቆሜ ማየት አልፈልግም።

መልስ 26

3 ናት፣ ተመልሳ መጣች። ዕቅዱን ወደደችው። ከዱማጌቴ አጠገብ ያለችውን የአፖ ደሴትም እንድጨምር ነገረችኝ። ነዋሪዎቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባሕራቸውን ራሳቸው ይጠብቃሉ፣ ኤሊዎቹ ዳር ድረስ ይመጣሉ። ከጉብኝቱ 400 ውስጥ የሁለት ቀኑን ብቆጥብ ይበቃል ብላለች።

መልስ 27

ተቃወመ። ፓላዋንን ሳያዩ መመለስ ፊሊፒንስን አለማየት ነው ብሎ ተከራከረ። ሌላውን ሁሉ ትቼ 21ዱንም ቀን ፓላዋን እንድሆን ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ። ግን ወደዚያና ከዚያ መብረሩ፣ የኤል ኒዶ አልጋ መወደዱ፣ አልሆነልኝም።

መልስ 28

ማንም ያላነሳውን አነሳች። ዲሴምበር ውስጥ የገና በዓል አለ። ከ16 እስከ 24 ድረስ ሕዝቡ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ከ20 ወዲህ ደግሞ ሁሉም ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። ጀልባ ይሞላል፣ አልጋ ይወደዳል። ከ20 እስከ ጃንዋሪ 2 ባለሁበት ደሴት እንድቆይ፣ የጀልባ ትኬቴንም ቀደም ብዬ እንድገዛ መከረችኝ። ስለዚህ የጉዞዬን ቀን ቀደም አደረግኩት፣ በዲሴምበር 19 ሴቡ ተመልሼ በ20 እበራለሁ። ወደ አገሪቱ ከመግባቴ በፊት የሚሞላው ኢትራቭል የተባለው ምዝገባ ነፃ መሆኑን፣ ገንዘብ የሚጠይቁ አስመሳይ ገጾች መኖራቸውንም ነገረችኝ። የመውጫ ትኬትም ይጠየቃል።

መልስ 29

7 ነው። በአምስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያው ተነስቶ ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ሲኪሆር ደርሷል። የጠበቀባቸውን ቀናት ደምሮ ጻፈልን፦ አልጋ 2,600፣ ምግብ 1,900፣ ሳይተኛበት የቀረው ክፍል 1,400። 5,900 ፔሶ። እኔ የያዝኩት ተቀማጭ 6,000 ነው። ልብሱ ሁሉ ረጥቦበታል፣ ሲኪሆር ወደብ አካባቢ በኪሎ የሚያጥብ ላውንድሪ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።